ትሬሲ ፑትናምና የማያደነዝዝ መድኃኒት ፍለጋ

ከቃሊቲ አደባባይ ተነሥቶ ወደ አቃቂ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች፣ የዕቃ መጋዘኖችና የከባድ መኪና ማቆሚያ ግቢዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ሌሊት ሲሆን ከነዚህ ግቢዎች ብዙዎቹን ከዘበኛው ጋር የሚጠብቀው ውሻ ነው። ይህ ውሻ አንድ ቀን በድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥና አረፋ ቢደፍቅ በመጀመሪያ የሚታሰበው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ሕመሙ እንደ ሰው ሁሉ ውሻንም የሚይዘው የሚጥል በሽታ መሆኑን ከተረዳ መድኃኒት ያዝለታል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ መውደቁ ይቀራል። ዘበኛው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ውሻው ኮሽታ ሲሰማ እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አይነሣም፤ ሲራመድ የኋላ እግሮቹ ይንገዳገዳሉ፤ የለመደውን ትእዛዝ የረሳ ይመስላል፤ ያለ ልክ ይበላል፣ ያለ ልክ ውኃ ይጠጣል። ሕመሙ ተገታ፤ ጠባቂው ግን ጠባቂነቱን አጣ ማለት ነው።

ሕመሙን ገትቶ ንቃትን የማይነካ መድኃኒት ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ጥያቄ የአቃቂ ቃሊቲ ዘበኛ ብቻ ሳይሆን የዓለም ሐኪሞች ጥያቄ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ጥያቄውን ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ አንሥተው ወደ ቤተ ሙከራ በማምጣት፣ በድመቶችና በኤሌክትሪክ መሣሪያ አማካይነት መልስ ለማግኘት ከጣሩት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት አሜሪካዊው የነርቭና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ትሬሲ ጃክሰን ፑትናም ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ሥራው መለካትና መመዘን ለሆነ ባለሙያ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፑትናምን ሥራ ለመመዘን እርሳቸው ከመነሣታቸው በፊት የነበረውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ በአንጎል ውስጥ የሚገኙ ነርቮች ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ግፊት በአንድነት ሲለቁ የሚከሰት ሕመም ነው። ይህ ከመታወቁ በፊት ሕመሙ በብዙ አገሮች የርኩስ መንፈስ ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ብሮማይድ ሲሆን፣ ለዚህ ሕመም መዋሉን በ1857 ያስታወቁት እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ቻርልስ ሎኮክ ናቸው። ብሮማይድ መጣሉን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የወሰደውን ሰው ያፈዝዛል፣ የማስታወስ ኃይሉን ያዳክማል፣ ቆዳውንም ያበላሻል። በ1912 ደግሞ ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ለእንቅልፍ ማስወሰጃ የተሠራው ፌኖባርቢታል የሚጥል ሕመምን እንደሚገታ ደረሱበት። ፌኖባርቢታል ከብሮማይድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ቢሆን ግን እንቅልፍን የሚጋብዝ መድኃኒት ነበር። ሁለቱም መድኃኒቶች አደንዛዦች በመሆናቸው፣ መጣሉን የሚገታው ማደንዘዙ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ያለ ፍዘት ፈውስ የለም የሚለው እምነት በሐኪሞች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ትሬሲ ፑትናም በ1894 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው በሕክምና ሙያ የታወቀ ሲሆን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ትምህርትን በማስፋፋት ስማቸው የሚነሣው ጄምስ ጃክሰን ፑትናም ዘመዳቸው ነበሩ። ትሬሲም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1920 የሕክምና ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ዘመናዊውን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ በሆኑት በዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ ሥር ሠለጠኑ። በ1925 ከመምህራቸው ጋር በመሆን ከራስ ቅል በታች በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀም ደም ያሳተሙት ጥናት ለሐኪሞች መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ሁኔታ ፑትናም የቀዶ ሐኪምን እጅና የተመራማሪን አእምሮ በአንድነት ይዘው አደጉ።

በ1934 በቦስተን ከተማ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ይህ ሹመት ለኋላ ሥራቸው ወሳኝ ነበር። በዚያው ሆስፒታል ዊልያም ሌኖክስና ፍሬድሪክ ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚመዘግበውን አዲስ መሣሪያ በመጠቀም ላይ ነበሩ። የሚጥል ሕመም በተነሣበት ሰው አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪኩ እንደ ማዕበል ሲናወጥ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ፑትናም ከዚህ አንድ ቀላል፣ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ማንም በሥርዓት ያልተከተለውን መደምደሚያ አወጡ። ሕመሙ የኤሌክትሪክ መናወጥ ከሆነ፣ በእንስሳ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ተመሳሳዩን ሁኔታ መፍጠር ይቻላል፤ መፍጠር ከተቻለ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው በቁጥር መለካት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ መድኃኒቶቹ የተገኙት በአጋጣሚ ሲሆን፣ የተፈተኑትም በቀጥታ በሕመምተኛው ላይ ነበር።

የተሠራው መሣሪያ ለዛሬ መሐንዲስ እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል። ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚሽከረከር ኮሙቴተር አማካይነት በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየተቆራረጠ ይተላለፋል። አንደኛው ኤሌክትሮድ በድመቷ ራስ ላይ፣ ሁለተኛው በአፏ ውስጥ ይደረጋል። ኃይሉ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ከፍ ሲል ድመቷ የምትንፈራገጥበት መጠን ላይ ይደረሳል፤ ያም መጠን በሚሊአምፔር ይመዘገባል። ቀጥሎ ድመቷ የሚፈተነውን መድኃኒት እንድትወስድ ይደረግና ልኩ እንደገና ይወሰዳል። ድመቷን ለማንፈራገጥ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠን ከፊተኛው ከበለጠ መድኃኒቱ አንጎሏን ከመናወጥ ጠብቋል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዷ ድመት ለራሷ መመዘኛ ሆነች።

ነገር ግን ፑትናም በአንድ ቁጥር ብቻ አልረኩም። መድኃኒቱ የመንፈራገጡን ወሰን ከፍ ቢያደርግ እንኳ ድመቷን የሚያስተኛት ከሆነ አዲስ ነገር አልተገኘም፤ ብሮማይድና ፌኖባርቢታልም ይህንኑ ያደርጋሉና። ስለሆነም ከሚሊአምፔሩ ልክ ጋር የእንስሳዋ ሁኔታ አብሮ ይታይ ጀመር። ነቅታለች ወይስ አንቀላፍታለች? ቆማ ትሄዳለች ወይስ ትንገዳገዳለች? የእንስሳት ጠባይ የሚጥል ሕመም መድኃኒትን ለመምረጥ እንደ መመዘኛ በሥርዓት የገባው በዚህ ሥራ ነው ለማለት ይቻላል። ፈተናውን በየዕለቱ በትጋት ያካሄዱት በ1902 የተወለዱት ባልደረባቸው ዶክተር ሂውስተን ሜሪት ነበሩ።

ፑትናም በፌኖባርቢታል ውስጥ የሚገኘው ፌኒል የተባለው የኬሚካል ክፍል ለመጣሉ መገታት ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ገመቱ። ስለዚህም ይህ ክፍል ያላቸውን፣ ነገር ግን እንቅልፍ የማያመጡ ውሁዶችን እንዲልኩላቸው ለመድኃኒት አምራቾች ጻፉ። ለጥያቄያቸው በጎ ምላሽ የሰጠው በዲትሮይት የሚገኘው የፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ነበር። ከላከላቸው ውሁዶች መካከል አንዱ በኋላ ፌኒቶይን ወይም በንግድ ስሙ ዲላንቲን ተብሎ የታወቀው ነው። ይህን ውሁድ በመጀመሪያ የሠሩት ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪክ ቢልትስ ሲሆኑ ዘመኑም 1908 ነበር። ኩባንያውም ከጊዜ በኋላ ውሁዱን ለእንቅልፍ መድኃኒትነት አስቦት ነበር፤ እንቅልፍ አላመጣምና ወደ ጎን ተተወ። እንግዲህ ለአንዱ ፈላጊ ጉድለት የሆነው ጠባይ ለሌላው ፈላጊ ዋናው ብልጫ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ዱቄት ያልተለወጠ ሲሆን የተለወጠው የቀረበለት ጥያቄ ነው።

ፌኒቶይን የወሰዱ ድመቶች ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ መጠን ካልደረሰባቸው በቀር አልተንፈራገጡም፤ ይህም ሆኖ ነቅተው ቆዩ። ያለ ፍዘት ፈውስ የለም የሚለው አሮጌ እምነት በዚህ ፈረሰ። ፑትናምና ሜሪት የድመቶቹን ውጤት በ1937 በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። በ1938 ደግሞ በሰዎች ላይ የታየውን ውጤት ለአሜሪካ የሕክምና ማኅበር አቀረቡ። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የነበሩት መድኃኒቶች ያልረዷቸው ነበሩ፤ እንዲህም ሆኖ ታላቁ የመጣል ሕመም ከነበረባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መውደቃቸው ፈጽሞ ቆመ። ሥራ መሥራት፣ ትምህርት መማር፣ ከሰው ጋር መዋል የተከለከሉ የሚመስላቸው ሰዎች ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። በእንስሳ ላይ በሥርዓት ተፈትኖ በሰው ላይ የተረጋገጠ የሚጥል ሕመም መድኃኒት በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተነሡት ተመራማሪዎች ሁሉ የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ሆኖም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ጉድለቱም ታየ። መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አካሄድ ይናጋል። በ1939 ደግሞ የጥርስ ሥጋን እንደሚያሳብጥ ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ ለመለየት ያስቸገረው ግን በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ስውር ጫና ነው። ሕመምተኛው አልተኛም፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ይዘገያል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ እጁም ለሥራ ይሰንፋል። ድመቷ ነቅታ መቆየቷን መመልከት ይቻል ነበር፤ ትናንት የተማረችውን ማስታወሷን ግን የጠየቃት አልነበረም። የመሣሪያው ሚሊአምፔር መለኪያ የአንጎልን መናወጥ ለካ፤ ንቃትንም ዓይን አየ፤ መማርና ማስታወስ ግን ገና መለኪያ አልተሠራላቸውም ነበር። መለኪያ የተሠራለትን ብቻ እንደሚለካ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል፤ ያልተለካ ነገር ሁሉ ግን የሌለ ነገር አይደለም።

ፑትናም በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የነርቭ ሕክምና ተቋም በዲሬክተርነት መሩ። በ1943 ለሕመምተኞችና ለቤተ ሰቦቻቸው የሚጥል ሕመምን እንዴት መያዝ እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። የላቀ ዝና ባገኙበት በዚህ ሥፍራ ግን እስከ መጨረሻው አልቆዩም። ራሳቸው ከዓመታት በኋላ እንዳስታወቁት፣ አይሁዳውያን የሆኑ ሐኪሞችን ከሥራ እንዲያሰናብቱ ሲታዘዙ እምቢ ብለዋል። በ1947 ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱና በሴዳርስ ኦፍ ሌባኖን ሆስፒታል በአንጎል ቀዶ ሕክምና ማገልገል ቀጠሉ። ታላቅ የምርምር ተቋም የመምራት ዕድል ከዚያ ወዲህ አልገጠማቸውም። የቀድሞ ባልደረባቸው ሜሪት በኒው ዮርኩ ተቋም ተተክተው፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆነው እስከ 1979 ኖሩ። የፑትናም ስም እየደበዘዘ ሄደ፤ በ1975 ሲሞቱም መድኃኒታቸውን በየዕለቱ ከሚውጡት ሰዎች መካከል ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

የፑትናም ሥራ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ያስከተለው ታሪክ ግን አስገራሚ ነው። በድመት ላይ ተፈትኖ የተገኘው ፌኒቶይን ለድመት የማይመች መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። የድመት ሰውነት ፌኒቶይንን ፈጥኖ ማስወገድ ስለማይችል መድኃኒቱ ለቀናት እየተጠራቀመ ይመርዛታል። በውሻ ሰውነት ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተወግዶ ያልቃል፤ ስለዚህም ሕመሙን ለመግታት የሚበቃ መጠን በደም ውስጥ አይቆይም። ከዚህ የተነሣ የእንስሳት ሐኪሞች ፑትናም ሊያልፉት ወደ ፈለጉት ወደ አሮጌው ፌኖባርቢታል ተመለሱ። ዛሬም ለውሻም ሆነ ለድመት በቅድሚያ ከሚታዘዙት አንዱ ይኸው ነው። ብሮማይድም ለውሻ ያገለግላል፤ ድመትን ግን ሳንባዋን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም። በአንዱ ፍጡር ላይ የተወሰደ ልክ ለሌላው ሳይመረመር እንደማይተላለፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፌኖባርቢታል በተጀመረበት ሰሞን ውሻው ያንቀላፋል፣ እግሩም ይንገዳገዳል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ሲለምደው በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ረኃብና ጥም፣ ሽንት መብዛትም ይከተላሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ይቆያሉ። አንዳንዱ ውሻ ደግሞ በመፍዘዝ ፈንታ ይቅበጠበጣል፣ ዕረፍት ያጣል። ከዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የሕመሙ የሚለውን መለየት ነው። በ2011 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የሚጥል ሕመም የያዛቸው ውሾች መድኃኒት ሳይጀምሩ እንኳ ፍርሃትና ጭንቀት እንደሚጨምርባቸው ታይቷል። በ2018 በወጡ ጥናቶችም ሕመሙ ያለባቸው ውሾች ከጤነኞቹ ይልቅ ትምህርት ለመቀበል እንደሚቸገሩ፣ ከመድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ ይህን እንደሚያባብሱ ተገልጿል። በነዚህ ጥናቶች ዋናው መረጃ ሰጪ መሣሪያ ሳይሆን ውሻውን በየዕለቱ የሚያየው ባለቤት ነበር።

ጉዳዩ በውሻና በድመት የሚያበቃ አይደለም። በ1990 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ትኩሳት ሲይዛቸው የሚንቀጠቀጡ 217 ሕፃናት ተመርጠው ከፊሎቹ ፌኖባርቢታል፣ ከፊሎቹ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፌኖባርቢታል እንዲወስዱ የተመደቡት ሕፃናት የአእምሮ መለኪያ ውጤት ከሌሎቹ በ8 ነጥብ ያህል አንሶ ተገኘ። በ2002 ደግሞ በጀርመን የተደረገ ምርምር ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይንን ጨምሮ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ገና በማደግ ላይ ባለው የአይጥ ግልገል አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን ሞት እንደሚያበዙ አሳየ። ፑትናም ለድመቷ ያነሡት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሕፃን ጥያቄ ሆነ።

በአገራችንም ነገሩ ቅርብ ነው። በ1990 በታተመው የቡታጅራ ጥናት ተመራማሪዎች ከቤት ቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መዝግበው 316ቱ የሚጥል ሕመም እንዳለባቸው አረጋግጠዋል፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ፣ አገልግሎቱም የታወቀ በመሆኑ ለብዙዎች የሚደርሰው መድኃኒት ይኸው ነው። በእሳት ዳር ወይም በወንዝ ዳር ከመውደቅ የሚያድን መድኃኒት በመሆኑ ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም፤ የሚያፈዝዝ ነው ተብሎም በድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊነሣና ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም የሚያስፈልገው መድኃኒቱን መጣል ሳይሆን ልኩን ከሐኪም ጋር እያስተካከሉ የሚያስከፍለውንም ዋጋ መመዝገብ ነው።

ወደ አቃቂ ቃሊቲው ግቢ ሲመለሱ የዘበኛው ሥራ ይህ ሆኖ ይገኛል። ከአቃቂ በዚያው ጎዳና ወደ ፊት ሲኬድ በሚደረስባት በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ከ1979 ጀምሮ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ነገር ግን የተማረው ሐኪም ውሻውን የሚያየው ለግማሽ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው የሚያየው ሌሊቱን ሙሉ ነው። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀንና ልክ፣ ሕመሙ የተነሣበትን ሰዓት፣ ከዚህም ጋር ውሻው ሲጠሩት የሚመጣበትን ፍጥነት፣ እንቅልፉን፣ ረኃቡን፣ ትእዛዝ ማስታወሱን በአንድ ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ ፑትናም በቦስተን የጀመሩትን ምርመራ መሣሪያቸው ሊደርስበት ወዳልቻለው ሥፍራ ያደርሰዋል። ትሬሲ ፑትናም የሕመሙን ወሰን የሚለካ መሣሪያ ሠርተው፣ ከመሣሪያው ጎን የእንስሳዋን ሁኔታ መመልከት እንደሚገባ አስተማሩ። ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ባያንስም የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሕመሙ የቆመለት ፍጡር ነቅቶ፣ ተምሮና አስታውሶ እስኪኖር ድረስ እርሳቸው የጀመሩት ፍለጋ አላለቀም።